ባና ደርቦ ሜሞሪ መጨመር

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አማታችሁ ፊት ሱሪያችሁን አውልቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም እስካለፈው ጥር ድረስ እንደናንተው የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። መንዝ ውስጥ ዘመሮ ላይ ዜግነት አስተምራለሁ። ሰርግ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ስልኩ የተበላሸበት ጎረቤት ሁሉ «መምህር ያያታል» እያለ ይመጣብኛል። ለዚህ ጉድ ያበቃችኝም ይቺው «መምህር ያያታል» ናት። አንድ ጊዜ የአንዱን ስልክ አጥፍቼ ባበራው ተሻለው፤ ከዚያ ወዲህ አላውቅም ማለት አፌን ይከብደው ጀመር።

ነገሩ የባለቤቴ የስንዱ ላፕቶፕ ነው። ስንዱ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ደግሞ ክረምት ክረምት እየሄደች ስትማር ቆይታ የመመረቂያ ጽሑፏን ጨርሳለች። የጻፈችው ስለ ግሼ የለቅሶ ሙሾ ነው። ሙሾውን ለመሰብሰብ በእግሯ ያልወጣችው አቀበት የለም። አልቃሾቹን አንድ በአንድ አስለቅሳ ድምፃቸውን ቀርጻለች። ከቀረጸቻቸው አንዷ ከዚያ ወዲህ ራሳቸው ተለቅሶላቸዋል፤ ድምፃቸው የቀረው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ታዲያ ሜሞሪው ትንሽ ነበር። ስንዱ ድምፁን ከፍታ እየሰማች ልጻፍ ስትል ቀጥ ይላል። አንድ ቃል ትጽፋለች፤ እሱ ያስባል። ሁለተኛውን ትጽፋለች፤ ሽማግሌ ልላክና ላማክር የሚል ይመስላል። አራቱን ምዕራፍ በፍላሽ ገልብጣው ነበር፤ አምስተኛው ምዕራፍና ድምፆቹ ግን ፍላሹ ሞልቶ እምቢ ስላለ እዚያው ውስጥ ቀሩ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ መምህሮቿ ፊት ቆማ ድምፆቹን እያሰማች ሥራዋን ልታስረዳ ነው። ላፕቶፑ እዚያ ቀጥ ቢል የሦስት ዓመት ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ደብረ ብርሃን በወረድኩበት ሜሞሪ ገዛሁ። የሱቁ ባለሙያ ሴትዮ የላፕቶፑን ዓይነት ጠይቃ፣ በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አይታ፣ የሚስማማውን መርጣ፣ በሚያብረቀርቅ ከረጢት አሽጋ ሰጠችኝ። ጎበዝ ናት። ምክርም ጨመረችልኝ።

«መጀመሪያ አጥፋው። ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ፣ ከዚያ ማብሪያውን ትንሽ ተጭነህ ቆይ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ምንጣፍ ላይ እንዳትሠራው። ልብስህንም ተጠንቀቅ፤ ከመንካትህ በፊት ደግሞ…»

«አውቃለሁ እህቴ፣ አውቃለሁ» አልኳት፤ አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር። ደግሞ እኔ ቤት ምን ምንጣፍ አለና ነው? ልብስህን ተጠንቀቅ ያለችው እንዳይቆሽሽብኝ አዝና መሰለኝ። እንዴት ያለች አዛኝ ሰው እያልኩ መንዝ ገባሁ።

ቤት ስደርስ አማቴ እማማ ዘነቡ ከራቤል መጥተዋል። ልጃቸውን ለሰኞው ሊሸኙ፣ በሶ ይዘው። እማማ ዘነቡን ላስተዋውቃችሁ። የበግ ጠጉር ፈታይ ናቸው፤ እሳቸው ከፈተሉት ጠጉር የተሠራ ባና፣ ያ ወፍራሙ የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ብርድን ከደጅ ይመልሰዋል ይባላል። ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሥርዓታቸው ደግሞ እኔ ላይ ይበረታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቴ እህል ቀምሰው አያውቁም። ስገባ ይነሳሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይስባሉ፣ «እርስዎ» ይሉኛል፤ እሱንም ቀጥታ አይሉኝም። ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ «ስንዱ፣ መምህር ውሃ ይጠጡ እንደሁ ጠይቂልኝ» ይላሉ። እኔም ለስንዱ «እጠጣለሁ በያቸው» እላለሁ። እንደ ሁለት መንግሥታት በአስተርጓሚ ነው የኖርነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስንዱ ለማጠናከሪያ ትምህርት ልትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

«አደራህን ቀስ ብለህ፤ አምስተኛው ምዕራፍ ውስጡ ነው።»

«ምን ሆነሻል? ብሎን መፍታት እኮ ነው።»

«ካቃተህ ተወው፤ እንደምንም በዚሁ እወጣዋለሁ።»

ካቃተህ! ይህን ቃል ለመንዝ ሰው አይናገሩትም። ባይሆን ሌላ ስድብ ይሻላል።

እንግዲህ ዝግጅቴን ስሙልኝ። ጠረጴዛው ሸካራ ስለሆነ ላፕቶፑ እንዳይጫር ብዬ የሰርጋችንን ባና፣ ለክቡር እንግዳ ብቻ የሚወጣውን፣ እጥፍ አድርጌ አነጠፍኩለት። የጥር ጠዋት ነው፤ ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ደረቅ፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይቆጥራል። ሱፍ ሱሪዬን ታጥቄ፣ እማማ ዘነቡ ከፈተሉት ጠጉር የተሠራ ሹራቤን ለብሼ፣ በላዩ በርኖሴን ደረብኩ። እዚህ ቤት ውስጥ ከኔ የበለጠ በግ የሚመስል በግ እንኳ አልነበረም። ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ ማብሪያውን ተጭኜ ቆየሁ። እስከዚህ ድረስ እግዜር ይስጠኝ፣ አንድም አልሳትኩም። ካቻቢቴዬን ይዤ ዘጠኝ ብሎን ፈታሁና ሆዱን ከፈትኩት። ከነባሩ ሜሞሪ ጎን ባዶ ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ብርሃን ቢጨምር ብዬ በሩን ልከፍት ተነሳሁ። የብረት መወርወሪያውን ስነካው ጠሽ! ጣቴ ላይ።

«ኤሌክትሪክ ሾልኳል!» አልኩ። ሮጬ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ማን ያደርጋል እያልኩ ራሴን አመሰገንኩ።

እማማ ዘነቡ ጥግ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ስንዱ የለችም፤ አስተርጓሚ የለንም። ዓይናቸው ግን ከእጄ አልተነቀለም። ትንሽ ቆዩና ወደ ድመቷ ዞረው፦

«አንቺ ድመት፣ ጠጉር በጠጉር ላይ ደርበሽ እሳት ባለበት ምን ያርመጠምጥሻል?» አሉ።

አየኋት፤ እውነትም ድመቷ ባናው ጫፍ ላይ ተኝታለች። ምስኪን አማቴ ለላፕቶፑ አስበው ነው ብዬ ድመቷን ላነሳ አፍንጫዋ አካባቢ ስነካት ጠሽ! እሷም ዘለለች፣ እኔም ዘለልኩ። ብሎኖቹን የያዘው የሻይ ሰሃን ተገለበጠና ብሎኖቹ ባናው ላይ ተበተኑ። ስምንቱን ለቀምኩ፤ አንዷ ጠጉር ውስጥ ገብታ ጠፋች።

እማማ ድመቷ ስለሄደችባቸው አሁን ለእንዝርታቸው ይነግሩ ጀመር። «በበጋ ደረቅ ጠጉር የነካ ሰው ሌላ ነገር ከመያዙ በፊት መሬት ይዳስሳል እንጂ… እኛስ እንዲህ ነበር ያደግነው።»

«እውነትዎን ነው እማማ» አልኩ፤ የድሮውን ዘመን እያነሱ የሚያጫውቱኝ መስሎኝ። ጨዋ ሰው የአማቱን ወሬ አይንቅም። አያዳምጥም እንጂ አይንቅም።

በርኖሴን ወደ ትከሻዬ ሰብሰብ አድርጌ ሜሞሪውን ከከረጢቱ ላወጣ ስል፣ ክርኔ የወንበሩን ብረት ነካ። ጠሽ! ቆጣሪው ጠፍቶ ነው እንግዲህ! ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቤት እሳት የሚረጭ ምንድን ነው? ጥያቄው ፊዚክስ ነበር፤ እኔ ግን መልሱን ሌላ ቦታ ፈለግሁት። ላፕቶፑ ውስጥ የአርባ ሰው ሙሾ አለ፣ ያውም የሟች ድምፅ ጭምር። ይህ ሁሉ ለቅሶ አንድ ቤት ተቆልፎበት በጤና ይቀመጣል? ከራስጌ ያለውን የጠበል ኮዳ አነሳሁ። ብዙ አይደለም፣ ሦስት ጠብታ ብቻ፤ በአብ፣ በወልድ… ኮዳውን ሆዱ በተከፈተው ላፕቶፕ ላይ ዘንበል ሳደርግ፦

«ተው አንተ!»

እንዝርቱ መሬት ላይ ወድቆ ይሽከረከራል። እማማ ዘነቡ ቆመዋል፤ ነጠላቸው ከአፋቸው ወርዷል። በሰባት ዓመት ውስጥ ቀጥታ ለኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ተው» ነበር፤ ሁለተኛው «አንተ»።

«ይቅር ይበሉኝ መምህር» አሉ፣ ፊታቸው ቀልቶ። ወዲያው ግን ተቆጡ፦ «ኮዳውን አስቀምጥ! ውሃ ነው እንዴ ሊያጠጡት? ሰይጣን የለበትም። ጠጉሩ ነው የተቆጣው!»

«ጠጉሩ?»

«ጠጉር በበጋ ሲታሽ ይቆጣል። ጨለማ ቤት ውስጥ ባና ገፈፍ ብታደርግ እሳቱን በዓይንህ ታየዋለህ። አንተ ከላይ እስከ ታች ጠጉር ነህ፣ ጠረጴዛህ ጠጉር ነው፣ ድመቷ ጠጉር ናት! ቁጣው እላይህ ላይ ሞልቶ፣ ያን የመሰለ ስስ ነገር ልትነካበት ነው? እኔን እንኳ ጣቴን የሚያስደነግጠኝ እሳት የልጄን ድካም ምን ያደርገዋል?»

ጆሮዬ ጋለ። የሱቋ ባለሙያ ያልጨረሰችው ቃል አሁን ተጨረሰልኝ። ምንጣፍ ማለት ባና ነው። ልብስህን ተጠንቀቅ ማለት ጠጉር አትልበስ ነው። ከመንካትህ በፊት ማለት ሰውነትህ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ልቀቀው ነው። እኔ ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶ አግኝቼዋለሁ። እማማ ዘነቡ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ የተማሩት ከበግ ነው። ማን እንደተማረ እናንተው ፍረዱ።

«ታዲያ ምን ይሻላል እማማ?»

አንገታቸውን ሰበሩ። ጨዋ ሴት ለአማቿ የምትናገረው ነገር አልነበረም።

«…ያውልቁት» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው።

«በርኖሱን?»

«ጠጉር የሆነውን ሁሉ።»

ሁሉን አወለቅሁ። በርኖሱ ሄደ፣ ሹራቡ ጠጠጥ እያለ ሄደ፣ ሱፍ ሱሪውም ሄደ። ከሥሩ የኳስ ቁምጣዬና አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ብቻ ቀሩ። ሳሎኑ ሲሚንቶ ነው፤ እማማ ግን «ወደ አፈሩ» ብለው ወደ ማድ ቤት ሰደዱኝ። ጫማም አይሆንም፣ በባዶ እግር። ገበቴ ደፉልኝ፤ ላፕቶፑን እሱ ላይ አስቀመጥኩ። የመንዝን ብርድ ለማታውቁት ምን ብዬ ልንገራችሁ? ብቻ ጥር ጠዋት በቁምጣ መሬት ላይ የተንበረከከ ሰው ሃይማኖቱ ይጠነክራል።

እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ግድግዳውን እያዩ ያዝዙኝ ጀመር። «መዳፍህን መሬት ላይ አሳርፍ። አሳረፍህ? ቆይ። አሁን የዕቃውን ብረት ዳር ንካ። ጮኸ?»

«አልጮኸም።»

«በጄ። አሁን ያዘው።»

ያዝኩት። መያዙንስ ያዝኩት፤ እጄ ግን አልያዘኝም። እንደ ወንፊት ነው የምንቀጠቀጠው። ሜሞሪውን ወደ ቦታው ሳስጠጋ ወደ ግራ፣ ሳቀና ወደ ቀኝ። እንደምንም ገጠም መሰለኝና ጫን አልኩ። ቀው አለ።

«ምንድን ነው የጮኸው?»

«አልገባም ብሎ ነው፣ ትንሽ ገፋ ባደርገው…»

«አልገባም ያለህን ለምን ትገፋዋለህ?»

ዞሩ። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ዓይናቸውን ከኔ አንስተው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ተክለው መጡ። ተቀመጡ። መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አሳርፈው እንደ ጸሎት ትንሽ ቆዩ። የላፕቶፑን ብረት ነኩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ሜሞሪውን ሰጠኋቸው። ማንም ሳይነግራቸው ዳርና ዳሩን ብቻ ያዙት።

«ዳሩን እንደሚይዙት እንዴት አወቁ?»

«እዚህ ጋ ወርቅ የመሰለ ነገር ተደርድሯል። ወርቅ የተቀባ ነገር ደግሞ በጣት ይነካል?»

ወደ ብርሃኑ አንስተው አገላበጡት። እኔ በጉልበት ልጨርሰው የነበረውን ነገር እሳቸው በዓይናቸው ፈቱት። «ይቺ እዚህ ጋ ጥርሷ ጎድሏል። እዚያ ቦታው ላይ ደግሞ አንድ ጥርስ አለ። የጎደለው ካለው ጋ ነው የሚገጥመው። አንተ ገልብጠህ ነበር የያዝከው።» አዞሩት። ጋደም አድርገው አስገቡት፤ በሁለት አውራ ጣታቸው፣ ቀስ፣ ወደ ታች አስተኙት። ቀጭ። ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች እኩል ያዙት።

«ተስማሙ» አሉ።

የእኚህን ሴት እጅ ባያችሁልኝ! ጠጉር ሲፈትሉበት የኖሩበት እጅ ነው፤ ክር መቼ እንደሚበጠስ ሳይበጠስ የሚያውቅ። ብርዱን ረስቼ ነበር የማየው። ሰባት ዓመት ሙሉ እኚህን ሰው «ውሃ እጠጣለሁ በያቸው» እያልኩ አለፍኳቸው፤ በዚህ አፍራለሁ። የጠፋችውንም ብሎን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ባናውን እጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ከጠጉር ገለባ እንደሚለቅሙ፣ ጣታቸውን አንዴ ሰደድ አድርገው አወጧት።

የመጨረሻዋን ብሎን እያሰርኩ ሳለ የማድ ቤቱ በር ተከፈተ። ስንዱ ናት። ባሏ በቁምጣ ተንበርክኳል፤ እናቷ አጠገቡ ተቀምጠው የላፕቶፑን ጀርባ ደግፈውለታል።

«በስመ አብ! ምን ጉድ ነው? እማዬ!»

እማማ ዘነቡ ብድግ አሉ፣ ነጠላቸው አፋቸው ላይ ወጣ፣ ድምፃቸው ወደ ሥርዓቱ ተመለሰ። «ስንዱ፣ መምህርን ልብሳቸውን አቀብያቸው።»

ባትሪውን መለስን፣ ቆጣሪውን አበራን፣ ማብሪያውን ስንዱ ራሷ ተጫነችው። ማያው ጥቁር ነው። ጠበቅን። ጥቁር ነው። የስንዱ ከንፈር ሲነጣ አየሁና በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን ጠልቼ አላውቅም። እማማ ብቻ ረጋ ብለው «አዲስ ነገር ሲገባ ቤቱን እያሳየው ይሆናል፤ ታገሽው» አሉ።

በራ። ስንዱ አምስተኛውን ምዕራፍ ከፈተች፤ ወዲያው ተከፈተ። በላዩ ላይ ድምፁን ከፈተች፤ ሁለቱም እኩል ሄዱ። የሟቿ አልቃሽ ድምፅ ማድ ቤቱን ሞላው፤ ሳይቆራረጥ፣ ሳይዘገይ። እማማ ያውቋቸዋል፤ የአንድ አገር ሰው ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱና «ዕልፍነሽ ነፍሷን ይማር፤ ጉሮሮዋ እንዳለ ነው» አሉ። ስንዱም አለቀሰች። እኔም በርኖሴን ለብሼ፣ ተከብሬ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ስንዱ ምሳ ስታቀርብ የጽሑፏን የመጀመሪያ ገጾች ላይ ላይ አየሁ። ምስጋናው ላይ ዓይኔ አረፈ። አርብ ነው የጻፈችው፣ ገና ሥራው ሳይሠራ፣ በእምነት። «ላፕቶፔን በሙያው አሻሽሎ ለዚህ ላበቃኝ ውድ ባለቤቴ» ይላል። በሙያው! መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ስንዱን አስፈቅጄ የኔን አጠፋሁና «ላፕቶፔን በእጃቸው ለጠገኑልኝ ለእናቴ ለወይዘሮ ዘነቡ» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን እየጻፉ ነው ጠይቂልኝ» አሉ እማማ። አነበብኩላቸው። ደስ ይላቸዋል ስል ቅር አላቸው፤ ልጃቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«የርስዎን ለምን ያጠፉታል መምህር? በዚያ ብርድ ራቁትዎን ቆመው የለም ወይ?»

ስንዱ ሳቀች፤ ከእጄ ላይ ተቀብላ ጨመረችበት። ሰኞ ጠዋት ያንን ይዛ መምህሮቿ ፊት ቆመች፤ ድምፆቹን አሰማች፤ በጥሩ ውጤት አለፈች። አንደኛው ፈታኝ ብቻ ምስጋናው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ለጥናት ጽሑፍ የሚመጥን አይደለም፣ ይውጣ ብለዋት ነበር አሉ። ስንዱ አላወጣችውም። ጽሑፉ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ የገለጠው ሁሉ ከእናቷ ስም ቀጥሎ እንዲህ የሚል ያነባል፦ «በብርድ ስለቆመልኝም ለባለቤቴ።»